ባርሎ ሌንስ ስንት እጥፍ ይሁን? ለድሬዳዋው ጠያቂ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ውጭ ያለው አጎቴ 130/650 ኒውቶኒያን ቴሌስኮፕ (መስታወቱ 130 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ የትኩረት ርቀቱ ማለትም ብርሃኑ የሚገናኝበት ርቀት 650 የሆነ) ልኮልኛል። 25 እና 10 ሚሊ ሜትር አይፒሶች (ዓይን ተጠግቶ የሚያይባቸው ሌንሶች) አብረው መጥተዋል። ማታ ማታ ሰገነት ላይ አውጥቼ ለሰፈር ልጆች አሳያለሁ። ጨረቃ ግሩም ናት። ጁፒተር ግን በ10ሩም ቢሆን ትንሽ ናት፤ ልጆቹም ‹ይቺ ናት እንዴ?› ይሉኛል። በቅርቡ ዘመድ ስለሚመጣ ባርሎ ሌንስ ላስመጣ ነው። 2ኤክስ፣ 3ኤክስ እና 5ኤክስ አሉ፤ ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። ትልቁን ላስመጣ? መነጽር ማድረጌስ ለውጥ ያመጣል?»

ወንድሜ፣ 2ኤክሱን አስመጣ። ዋጋው አንድ ቢሆን እንኳ 5ኤክሱን ተወው። ግን ሁሉም 2ኤክስ እኩል አይደለም። አንተ የምትፈልገው የታችኛው ሌንስ ከቱቦው ተፈትቶ የሚወጣውን ዓይነት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ጉዳዩ ከሚመስለው ሰፋ ይላል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ባርሎ ብርሃን የሚበትን ጎድጓዳ ሌንስ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ከፒተር ባርሎ ነው። ከትልቁ መስታወት ተሰብስቦ የሚመጣውን ብርሃን ትንሽ በተን ያደርገዋል። ብርሃኑ ራቅ ብሎ ስለሚገናኝ ቴሌስኮፑ የረዘመ ያህል ይሆናል። ያንተ 650 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርቀት በ2ኤክስ 1300 ይሆናል ማለት ነው። አይፒሱ ግን ያው ነው። ዕቃው ሲደርስህ በእጅህ ይዘህ ብታይበት ፊደል ያሳንሳል እንጂ አያጎላም። አትደንግጥ፣ ጤነኛ ባርሎ እንደዚያ ነው። ሥራውን የሚሠራው ቴሌስኮፕ ውስጥ ሲገባ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ማጉላት ማለት የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ለአይፒሱ የትኩረት ርቀት ሲካፈል ነው። በ25ቱ 26 ጊዜ፣ በ10ሩ 65 ጊዜ ታጎላለህ። 2ኤክስ ስትጨምርበት 52 እና 130 ይመጣሉ። 3ኤክስ ከሆነ 78 እና 195። 5ኤክስ ከሆነ 130 እና 325። እዚህ ላይ ቆም በል። 5ኤክሱ ከ25ቱ ጋር የሚሰጥህ 130፣ 2ኤክሱ ከ10ሩ ጋር ከሚሰጥህ ጋር አንድ ነው። ከ10ሩ ጋር የሚሰጥህ 325 ደግሞ ለአንተ ቴሌስኮፕ የማይረባ ቁጥር ነው። ስለዚህ 5ኤክሱን ገዝተህ የምታገኘው አንድ ጠቃሚ ማጉላት ብቻ ነው። ከ26 እና ከ65 በኋላ ዘለህ 130 ላይ ትወድቃለህ፤ መሐሉ ባዶ ነው።

325 ለምን አይረባም? ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ብርሃን ነው። ከአይፒሱ ወጥቶ ዓይንህ ውስጥ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋቱ የመስታወትህ ስፋት፣ 130 ሚሊ ሜትር፣ ለማጉላቱ ሲካፈል ነው። በ130 ማጉላት 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ለፕላኔት ደህና ነው። በ325 ግን 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ምስሉ ይደበዝዛል፣ በገዛ ዓይንህ ውስጥ ያለው ብናኝ ሳይቀር ጥላ ሆኖ ይታይሃል። ሁለተኛው የመስታወቱ ስፋት ነው። የ130 ሚሊ ሜትር መስታወት ሊለይ የሚችለው ትንሹ ዝርዝር 0.9 አርክ ሰከንድ ገደማ ነው (አንድ ዲግሪ 60 አርክ ደቂቃ፣ አንድ አርክ ደቂቃ 60 አርክ ሰከንድ ነው)። ከዚያ በላይ ብታጎላ ብዥታው ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይወጣም። በተለምዶ ጣሪያው ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ስፋት 2 ጊዜ ነው ይባላል። ለአንተ 260 ማለት ነው። ያውም ሰማዩ እጅግ በረጋበት ሌሊት።

አንተን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግርህ የልጆቹ ወረፋ ነው። መቆሚያህ በሞተር የማይዞር ከሆነ መሬት ስትዞር ጁፒተር ከአይፒሱ መስክ እየሸሸች ትወጣለች። 50 ዲግሪ ገደማ በሚያሳይ ተራ አይፒስ በ130 ማጉላት ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅባታል። በ195 አንድ ደቂቃ። በ325 ደግሞ 40 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። አንዱ ልጅ አይቶ ሲነሳ፣ ሌላው ሲቀመጥና ቱቦውን በክርኑ ነካ ሲያደርግ ጁፒተር የለችም። አንተ ሌሊቱን ሙሉ ፈላጊ ትሆናለህ። በ130 ግን ወደ መስኩ ዳር አስቀድመህ ታስቀምጣትና በመሐል ስታልፍ ሁለት ልጆች ተረጋግተው ያያሉ።

አሁን ወደሚፈታው ሌንስ ልምጣ። ምክሬ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። የባርሎ ጉልበት ቋሚ አይደለም። በሌንሱና በአይፒሱ መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር ጉልበቱ ይጨምራል፣ ሲያጥር ይቀንሳል። ብዙዎቹ ባለ 2ኤክስ ባርሎዎች ሌንሱ የተገጠመበት አጭር ቀለበት ከታች በጥርስ ይፈታል። ቀለበቱን ፈትተህ፣ ማጣሪያ በሚገጠምበት የአይፒሱ ጥርስ ላይ ካሰርከው ርቀቱ ስለሚያጥር ጉልበቱ 1.5 ገደማ ይሆናል። አሁን ቁጥሮቹን ደርድራቸው፦ 26፣ 39፣ 52፣ 65፣ 97፣ 130። ከሁለት አይፒስ ስድስት ማጉላት አወጣህ። በ97 እና በ130 መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሰማዩ ትንሽ በተረበሸበት ማታ ግን 130 ሲንቀጠቀጥብህ 97 ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ ለጁፒተር አብዛኛውን ጊዜ የምመርጠው 97ን ነው።

ስታስር ግን ቀስ በል። አንዳንድ አይፒስ የታችኛው መስታወቱ ወደ አፉ የቀረበ ነው፤ ቀለበቱ እስከ መጨረሻ ሲገባ መስታወት ከመስታወት ሊነካካ ይችላል። መጀመሪያ ከጎን አይተህ ክፍተት መኖሩን አረጋግጥ።

«ጁፒተር ትንሽ ናት» ስላልከው። እስቲ ይህንንም እናስላው። ጁፒተር በሰማይ ላይ 40 አርክ ሰከንድ ያህል ስፋት ሲኖራት፣ 65 ጊዜ ስትጎላ 43 አርክ ደቂቃ ትሆናለች። ጨረቃ በባዶ ዓይን 31 አርክ ደቂቃ ገደማ ናት። ማለትም በ10ሩ አይፒስህ የምታያት ጁፒተር በባዶ ዓይን ከምታያት ጨረቃ ትበልጣለች። ማመን ይከብዳል፣ ግን እውነት ነው። ጨረቃ አጠገቧ በምትሆንበት ማታ አንዴ በአይፒሱ፣ አንዴ በባዶ ዓይንህ እያፈራረቅህ አወዳድር። ትንሽ የምትመስለው በትልቅ ጨለማ መሐል ብቻዋን ስለምትቆም ነው። በ130 ወደ ሦስት ጨረቃ የሚጠጋ ስፋት ይኖራታል፤ ልጆቹም ልዩነቱን ያዩታል። ግን ከማጉላቱ እኩል የሚሠራው ጊዜ ነው። ለአንድ ልጅ ሦስት ሰከንድ ከሰጠኸው ነጭ ክብ አይቶ ይነሳል። «በመሐሏ የሚያልፉትን ሁለት ጥቁር መስመሮች እስክታገኝ አትነሳ» በለው። ግማሽ ደቂቃ ከተመለከተ ያገኛቸዋል። አራቱን ጨረቃዎች ደግሞ በ26ም ይቆጥራቸዋል።

ከባርሎው በፊት መስተካከል ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሰገነቱ ነው። ድሬ ቀን የጠጣችውን ሙቀት ማታ ነው የምትተፋው። የሲሚንቶ ሰገነት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ሙቀት ይለቃል፤ የጎረቤት ቆርቆሮም እንዲሁ። ያ ሙቅ አየር በቴሌስኮፑ ፊት ሲያልፍ ምስሉ ከከሰል ምድጃ በላይ እንደሚታይ ግድግዳ ይርገበገባል። ባርሎ ደግሞ ምስሉንም መርገብገቡንም አብሮ ያጎላል። ስለዚህ ከቻልክ ወደ ግቢው ውረድ። አፈር ወይም ሣር ላይ ትከለው። ቱቦውን ከማየትህ አንድ ሰዓት በፊት አውጣው፤ ሙቅ ክፍል ውስጥ የዋለ መስታወት ራሱ አየሩን ይረብሻል። ከባርሎ በፊት ሁልጊዜ በ65 ጨረቃን ወይም ፕላኔቷን ተመልከት። ጠርዟ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ባርሎውን ከካርቶኑ አታውጣ። ጠርዟ ቀጥ ካለ ወደ 97፣ ከዚያ ወደ 130 ሂድ። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ አየሩ ስለሚረጋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት ከምሽቱ ይሻላል። አንድ ቅዳሜ ዕቃህን ጭነህ በሐረር መንገድ ወደ ደንገጎ ብትወጣ ደግሞ ሌላ ሰማይ ታያለህ።

በአንድ ነገር ግን ዕድለኛ ነህ። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፕላኔቶች አናታችን ላይ ነው የሚያልፉት። የትኛዋም ትልቅ ፕላኔት ከፍተኛ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ከአድማሱ ከ50 ዲግሪ በታች አትሆንም። ለንደን ላይ አንዳንድ ዓመት ያችው ፕላኔት ከ15 ዲግሪ ብዙም አታልፍም፤ ብርሃኗ በወፍራም አየር ውስጥ አልፎ ነው የሚደርሳቸው። ሐረርም ያው ነው፤ እንዲያውም ከፍታዋ ወደ 1900 ሜትር ስለሚጠጋና ማታው ስለሚቀዘቅዝ ለዚህ ሥራ ከድሬ ትሻላለች። እዚያ ዘመድ ካለህ ቴሌስኮፑን ይዘህ እደርበት።

መነጽርህን በተመለከተ። መነጽር የምታደርገው ሩቅ ወይም ቅርብ ስለማይታይህ ብቻ ከሆነ አውልቀው። የቴሌስኮፑ የትኩረት ማስተካከያ ያንን ያስተካክላል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ ክብነት መዛባት) ካለህ ግን ነገሩ ይለያል፤ እሱን ማስተካከያው አይነካውም። ያም ሆኖ አስቲግማቲዝም በጎላ የሚታየው በዝቅተኛ ማጉላት ነው። ወደ ዓይንህ የሚገባው የብርሃን ክብ ከ2 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ለብዙ ሰው ችግሩ ይጠፋል። በ65 ልክ 2 ላይ ነህ፤ ከ65 ስታልፍ ደግሞ ከዚያ በታች ነህ። መነጽሩን ማውለቅ ካልፈለግህ ደግሞ ባርሎ ሌላ ጥቅም አለው። ፕሎስል የሚባለው የተለመደ ዓይነት ባለ 10 ሚሊ ሜትር አይፒስ ዓይንህን ወደ 7 ሚሊ ሜትር እንድታስጠጋ ያስገድድሃል፤ የዐይን ሽፋሽፍትህ መስታወቱን ይጠርጋል፣ መነጽርማ አይታሰብም። 25ቱ ግን ራቅ አድርጎ ያሳይሃል። ባርሎ ላይ ስታስቀምጠውም ያንን ምቾት እንደያዘ፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምሮ፣ 52 ይሰጥሃል። ለልጆችም፣ በስልክ ፎቶ ለማንሳትም ምቹው ይህ ነው። 10ሩ ጠባብ ስለሆነ የስልኩን ካሜራ ማነጣጠር ፈተና ይሆንብሃል።

ሌላም ያንተን ቴሌስኮፕ የሚመለከት ጥቅም አለ። 650 ለ130 ሲካፈል 5 ነው፤ ይህ ኤፍ 5 ይባላል። እንዲህ ያለ አጭር ቴሌስኮፕ ብርሃኑን በሰፊ ማዕዘን ስለሚያመጣ ርካሽ አይፒሶች ዳር ዳሩ ላይ ኮከብን ያዛባሉ። ባርሎ ማዕዘኑን ያጠበዋል፣ ኤፍ 5ን ኤፍ 10 ያደርገዋል። ያው 10 ሚሊ ሜትር አይፒስህ ከባርሎ ጋር ዳሩ ጠርቶ ብታየው አትገረም።

የማያስተካክለው ግን የመስታወቶቹን መዛነፍ ነው። ቴሌስኮፑ ተጭኖ፣ ተራግፎ፣ በባጃጅ ተንገጫግጮ ከመጣ መስታወቶቹ ሳይዛነፉ አይቀሩም። ደማቅ ኮከብ መሐል አድርግና ማስተካከያውን ትንሽ አዙረህ ኮከቡን አደብዝዘው። ክብ ቀለበት፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታይሃል። ጥቁሩ ነጥብ ወደ አንድ ጎን ካደላ ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በትንሽ በትንሹ እያዞርክ መሐል አምጣው። በእያንዳንዱ ሩብ ዙር መሐል ኮከቡን መልሰህ ወደ መስኩ መሐል ማምጣት አትርሳ። ይህ ሳይሠራ የሚገዛ ባርሎ የሚያጎላው ጥፋቱን ነው።

ሲስተካከልልህ መፈተኛ ልስጥህ። በጥርና በየካቲት ማታ ካስተር የሚባለው ኮከብ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከፍ ይላል፤ ከፖሉክስ ጋር ጎን ለጎን ሁለት ደማቅ ሆነው ታገኛቸዋለህ። በባዶ ዓይን ካስተር አንድ ነው። በ26 አይለይም። በ65 ሁለት መሆኑን ትጠረጥራለህ፣ ምናልባትም ታያለህ። በ130 ሁለት ነጭ ነጥቦች፣ አንዱ ከሌላው ደመቅ ብሎ፣ መሐላቸው ጥቁር ሰማይ ሆኖ ሊታይህ ይገባል። ከታየህ መስታወትህም፣ ባርሎህም፣ ሰማይህም ደህና ናቸው። ሳተርንን ስታገኛት ደግሞ ቀለበቷን በሁለት የሚከፍለውን ቀጭን ጥቁር መስመር በ130 ፈልገው። ቀለበቷ እ.ኤ.አ. በ2025 በጎን ስለዞረብን ክር አክሎ ነበር፤ አሁን በየዓመቱ እየተከፈተ ነው።

ለዘመድህ የምትልከው መልእክት እንዲህ ይሁን፦ አፉ 31.7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 2ኤክስ፣ አክሮማቲክ፣ ማለትም ቢያንስ ሁለት መስታወት ያለው፣ አካሉ ብረት፣ የታችኛው ሌንስ የሚፈታ። ከቴሌስኮፕ ጋር በነጻ የሚመጡት አንድ መስታወት ብቻ ያላቸው የፕላስቲክ 3ኤክሶች ለዚህ ሥራ አይደሉም፤ ጨረቃን ወይን ጠጅ ጠርዝ ያወጡላታል። የተጠቀመ ዕቃ ታይዋን ገበያ ወይም ሌላ ቦታ ካጋጠመህ አምፖል ሥር አድርገህ በሌንሱ ላይ የሚንጸባረቀውን ብርሃን ተመልከት። አረንጓዴ ወይም ወይን ጠጅ ካለ ሽፋን ተቀብቷል። ነጭ ሆኖ ካንጸባረቀ እርቃኑን ነው፤ ተወው። በውስጥ በኩልም ቱቦው ጥቁርና የማያብለጨልጭ መሆን አለበት።

ባለ አራት መስታወት ቴሌሴንትሪክ የሚባሉትም አሉ። የቴሌ ቪው ፓወርሜት የታወቀው ነው። ጉልበታቸው በርቀት ብዙም አይለዋወጥም፣ ለፕላኔት ካሜራም ድንቅ ናቸው። በ2ኤክስ በዓይን ለማየት ግን ያን ያህል ገንዘብ ሊወጣባቸው አይገባም። በዚያ ገንዘብ ባርሎውንና አንድ ባለ 7 ሚሊ ሜትር አይፒስ ብትገዛ ይሻላል። 7ቱ ብቻውን 93፣ ከባርሎው ጋር 186 ይሰጥሃል። እነዚያን ጥቂት ጸጥ ያሉ ሌሊቶች የሚጠብቀው ማጉላት እሱ ነው።

ሐረር ወይም ሌላ ቦታ ሆናችሁ ይህን የምታነቡና ረጅሙን 70/700 ቴሌስኮፕ ያላችሁ፣ ምክሩ ለእናንተ አይሠራም። የእናንተ 10 ሚሊ ሜትር 70 ይሰጣችኋል። በ2ኤክስ 140 ሲሆን ጣሪያው ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው። 20 ሚሊ ሜትር አይፒስ ካላችሁማ 2ኤክስ ያንኑ 10ሩን ይደግምላችኋል። ከባርሎ ይልቅ አንድ ጥሩ 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር አይፒስ ግዙ።

ድሬ አቧራ አለባት፣ ንፋስም አለባት። የባርሎውን ሁለት ክዳኖች ሳትዘጋ አታስቀምጥ። አቧራ ከገባበት በነጠላም ሆነ በሸሚዝ አትጥረገው፤ ደቃቁ አሸዋ ሽፋኑን ይቧጥጠዋል። በጎማ መንፊያ ንፋው፣ የቀረውን ተወው። ትንሽ አቧራ ምስል አያበላሽም፣ ጭረት ግን ያበላሻል።

በመጨረሻ፣ ፀሐይ። ልጆች ስላሉ ይህን ሳልጽፍ አላልፍም። አንዳንድ ካርቶን ውስጥ አይፒስ ላይ የሚታሰር ትንሽ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ ይመጣል። ጣለው። የተሰበሰበው ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ዓይን ደግሞ አይተካም። ፀሐይን ማየት የሚቻለው በቱቦው አፍ ላይ ሙሉ በሙሉ በሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ ብቻ ነው፤ ትንሿ ፈላጊ ቱቦም መዘጋት ወይም መነሳት አለባት። ይህን አሁን የማነሳው ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ ስላለ ነው። ሙሉው ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲ፣ በየመንና በሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያ ያልፋል፤ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ደግሞ ክረምቱ ደመናውን ገለጥ ካደረገልን የፀሐይዋ ከግማሽ በላይ ተሸፍኖ ይታያል። ማጣሪያውንም ለዘመድህ በዚሁ መልእክት ብትጨምርለት ጥሩ ነው፤ የቱቦህን አፍ ውጫዊ ስፋት ለክተህ ላክለት። ባርሎው ለዚያ ቀን አያስፈልግህም። ፀሐይ ግማሽ ዲግሪ ስለሆነች በ130 ማጉላት መስኩ አይበቃትም። በ25ቱ አይፒስ ግን ሙሉዋን ታያታለህ።